የሚረጋ ዘይት ደም ሥር ውስጥም ይረጋል? ስለ ፓልም፣ ኑግ፣ ንጥር ቅቤና ጎመን ዘር (የመድረክ ውይይት፤ ከየመልእክቱ በላይ ያለው የተሳታፊው ስም ነው)

የጓዳ ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። «የሚረጋ ዘይት ሰውነት ውስጥም ይረጋል፣ ደም ሥር ይዘጋል» የሚለው አባባል ከገበያ እስከ ጤና ጣቢያ ይሰማል። ጀሪካኑ ጠዋት ነጭ ሆኖ ከታየ ሰው ይደነግጣል፤ ጥርት ብሎ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ሳይሰስት ያፈስሳል። ኬሚስትሪውን የምታውቁ ንገሩን፦ መርጋቱ ስለ ጤና በእርግጥ የሚነግረን ነገር አለ? በፓልም፣ በኑግ፣ በፈረንጅ ሱፍና በንጥር ቅቤ መካከል ያለው ልዩነትስ በቁጥር ስንት ነው? ለወጥና ለጥብስ አንድ ዓይነት ዘይት ይበቃል? መልሱ ለቤት እመቤቶችና ለምግብ ቤት ሠራተኞች ማስተማሪያ የሚውል ስለሆነ መጠኑን በማንኪያ ብትገልጹት ይጠቅማል።

ፋቲ አሲድ
ድምዳሜው ከፊል እውነት አለው፤ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። ምክንያቱ ሲሳሳት ምርጫውም ስለሚሳሳት ከሥሩ ልጀምር።

ዘይትም ሆነ ቅቤ በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ነው፤ አንድ ግሊሰሮል ሦስት ፋቲ አሲዶችን፣ ማለትም የካርቦን ሰንሰለቶችን፣ ይይዛል። ልዩነቱ ያለው በፋቲ አሲዶቹ ላይ ነው። በሰንሰለቱ ካርቦኖች መካከል ድርብ ቦንድ ከሌለ ሳቹሬትድ ይባላል። ቀጥ ያለ እንጨት ለሸክም ተጠጋግቶ እንደሚታሰረው እነዚህ ሰንሰለቶችም ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ለመለያየት ብዙ ሙቀት ይፈልጋሉ። በሲስ ቅርጽ (ሰንሰለቱ በቦንዱ አንድ ወገን ሆኖ) አንድ ድርብ ቦንድ ሲገባ ሰንሰለቱ ይጎብጣል፣ መጠጋጋቱ ይፈርሳል፣ መቅለጫውም ይወርዳል። ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ፓልሚቲክ በ63፣ አንድ ድርብ ቦንድ ያለው ኦሌይክ በ13፣ ሁለት ያለው ሊኖሌይክ ከዜሮ በታች በ5፣ ሦስት ያለው አልፋ ሊኖሌኒክ ደግሞ ከዜሮ በታች በ11።

ፓልም ዘይት 44 በመቶ ያህሉ ፓልሚቲክ፣ 5 በመቶ ያህሉ ስቴሪክ፣ 39 በመቶ ያህሉ ኦሌይክ፣ 10 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለመቅለጥ 35 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ያው ጀሪካን በአዲስ አበባ ሌሊት ነጭ ይሆናል፤ ድሬዳዋ ሲደርስ ይፈስሳል። የተለወጠው አየሩ እንጂ ዘይቱ አይደለም።

ወደ ሰውነት ስንመጣ የውስጥ ሙቀታችን 37 ዲግሪ ነው። ከዚህም በላይ ዘይት እንደ ዘይት ወደ ደም አይገባም። አንጀት ውስጥ ሐሞት ያሟሟዋል፣ ሊፔዝ የሚባለው ኤንዛይም ይቆርጠዋል፣ የአንጀት ሕዋስ እንደገና ገጣጥሞ ካይሎማይክሮን በሚባል ጥቃቅን ጠብታ ያሽገዋል፤ ጠብታው በሊምፍ በኩል ወደ ደም ይገባል። ደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ነገር ከምጣድ የተረፈ ቅባት አይደለም። ከጉበት የሚመነጨው ኤልዲኤል፣ ማለትም ኮሌስትሮል ተሸካሚው ቅንጣት፣ ወደ ግድግዳው ሰርጎ ሲገባ፣ እዚያ ሲቀየርና የመከላከያ ሕዋሳት ሲውጡት በአሥርት ዓመታት ውስጥ የሚሠራ እብጠት ነው።

ፓልሚቲክ አሲድ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። በጉበት ላይ ያሉት የኤልዲኤል ተቀባዮች እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ተቀባዩ ሲቀንስ ኤልዲኤል ከደም ሳይወጣ ይቆያል። ነገሩ የመርጋት እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ስቴሪክ አሲድ ነው፦ ከፓልሚቲክ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ሆኖ ሳለ ኤልዲኤልን ከፍ የማድረግ ውጤቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጣም የሚረጋው ብዙም አይጎዳም፤ ከእሱ ያነሰ የሚረጋው ይጎዳል።

መጭመቂያ ቤት
እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልጨምር። ፓልም ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ቀዝቅዞ ለሁለት ይከፈላል። የሚረጋው ክፍል ስቴሪን፣ የሚፈሰው ኦሌይን ይባላል። ኦሌይኑ 24 ዲግሪና ከዚያ በታች የሚቀልጥ ስለሆነ ቀን ላይ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ደጋግሞ የተለየ ከሆነ ደግሞ በደጋም ቶሎ አይረጋም። ሆኖም ፓልሚቲኩ አሁንም 40 በመቶ አካባቢ ነው። «የማይረጋ» ተብሎ የተገዛ ዘይት ሳቹሬትድ መጠኑ ከሚረጋው ብዙም ላይለይ ይችላል ማለት ነው።

በተቃራኒው ጥሩ የወይራ ዘይት ማቀዝቀዣ ውስጥ ደፍርሶ ይወፍራል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ ጠርሙሱን በዓይን ከመፍረድ ይልቅ ጀርባው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። በ100 ግራም ሳቹሬትድ 11 አካባቢ የሚል ከሆነ የፈረንጅ ሱፍ ነው፤ ከ40 በላይ የሚል ከሆነ ፊት ላይ የአበባ ሥዕል ቢኖርም ውስጡ ፓልም ነው። «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ ለምርጫ አይጠቅምም። ከዕፅዋት የሚወጣ ማንኛውም ዘይት ይህ ነው የሚባል ኮሌስትሮል የለውም፤ ፓልምም የለውም።

ጤና መምህር
በማንኪያ እንዲሆን ስለተጠየቀ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማንኛውም ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 120 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይሰጣል። በዚህ ሁሉም እኩል ናቸው፤ «ቀላል ዘይት» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ማንኪያ ውስጥ ያለው ሳቹሬትድ ግን ይለያያል። የፈረንጅ ሱፍ 1 ግራም ተኩል፣ ሰሊጥና ወይራ 2 ግራም፣ ኑግ 2 ግራም ከሩብ፣ ፓልም 7 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ተኩል፣ የኮኮናት ዘይት 12 ግራም ያህል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከሳቹሬትድ የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ጠቅላላ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ይሆናል።

አሁን አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ዘይት ይጨርሳል እንበል። ለእያንዳንዱ በቀን 33 ሚሊ ሊትር፣ በክብደት 30 ግራም ይደርሰዋል፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል። ዘይቱ ፓልም ከሆነ ከእሱ ብቻ 15 ግራም ሳቹሬትድ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ወተት ወይም አንድ ማንኪያ ቅቤ ከታከለ 22 ግራም አለቀ። ኑግ ቢሆን 5 ግራም ብቻ ነው የሚወስደው።

ይህ ልዩነት ደም ላይ ምን እንደሚያደርግም ይሰላል። ቁጥጥር ከተደረገባቸው የአመጋገብ ሙከራዎች የተገኘው ስሌት እንዲህ ነው፦ ከቀኑ ጉልበት 1 በመቶውን ከሳቹሬትድ ወደ ብዙ ድርብ ቦንድ ወዳለው ዘይት ማዛወር ኤልዲኤልን በዴሲ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ ያወርዳል። ከፓልም ወደ ኑግ ሲዞር የሚቀንሰው 10 ግራም ሳቹሬትድ 90 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ከ2000 ውስጥ 4 ነጥብ 5 በመቶ። ኤልዲኤል ከ9 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ኤልዲኤሉ 190 ለሆነ ሰው ይህ መድኃኒት አይተካም፤ የታዘዘለትን ስታቲን (ኤልዲኤል የሚያወርድ መድኃኒት) እንዳያቋርጥ። ለመላው ቤተሰብ፣ ከልጅነት ጀምሮ፣ ለዘመናት ሲሆን ግን ትልቅ ነገር ነው፤ የደም ሥር ጉዳት የሚጠራቀመው በኤልዲኤሉ ከፍታም በቆይታውም ነውና።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰው ዘይቱን ቀንሶ ቦታውን በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ከሞላው ለልብ የሚያገኘው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ሳቹሬትድን መቀነስ የሚጠቅመው በምን እንደተተካ ታይቶ ነው።

ጨጓራ በለጠ
ጤና መምህር፣ ኑግ ይህን ያህል ከተመሰገነ ለሁሉም ነገር ይሁን ማለት ነው? ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብሱ ሰዎች «ኑግ ቶሎ ይጨሳል፣ አረፋ ያወጣል» ብለው ፓልም የሚመርጡት ያለ ምክንያት ነው?

ፋቲ አሲድ
ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልክ ናቸው።

የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት 70 በመቶ አካባቢ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በሁለቱ ድርብ ቦንዶች መካከል የተቀመጠችው ካርቦን ሃይድሮጅኗን በቀላሉ ትለቃለች። ሙቀት፣ ብርሃን ወይም የብረት ቅንጣት ያን ሃይድሮጅን ሲነጥቅ ኦክስጅን ቦታውን ይይዛል፣ ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፣ እሱም ከጎረቤቱ ሰንሰለት ሃይድሮጅን ይነጥቃል። አንዴ ከተነሳ ራሱን እያባዛ ይሄዳል። ኦሌይክ በ1 ፍጥነት ከተበላሸ ሊኖሌይክ በ10 እጥፍ፣ አልፋ ሊኖሌኒክ በ20 እጥፍና ከዚያም በላይ ይበላሻል። ፐርኦክሳይዱ ሲሰባበር አልዲሃይዶች ይወጣሉ፤ ከእነሱ መካከል ከሊኖሌይክ የሚመጣው ሃይድሮክሲኖኔናል ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ አይፈለግም። መበላሸት የጀመረ ዘይት ቀለም ቀለም ወይም የቆየ ለውዝ የሚሸተውም በእነዚህ ነው።

ጭሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጭስ ነጥብን የሚወስነው በዋናነት ተነጥሎ የቆመው ፋቲ አሲድ ነው። በደንብ የተጣራ ዘይት ከ220 ዲግሪ በላይ ይታገሣል፤ ነጻ ፋቲ አሲዱ 1 በመቶ ሲደርስ 160 አካባቢ መጨስ ይጀምራል። በመንደር መጭመቂያ የወጣ ያልተጣራ ኑግ ቀድሞ የሚጨሰው ለዚህ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ አክሮሊን ነው፤ ከግሊሰሮሉ ይመጣል።

በሌላ በኩል የተጣራ የፈረንጅ ሱፍ ዘይት ጭሱ ዘግይቶ፣ ኦክሲዴሽኑ (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ መበላሸቱ) ግን በፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ «አልጨሰም» ማለት «አልተበላሸም» ማለት አይደለም።

ጥብስ ቤት
ለምግብ ቤት የሚሆን ዝርዝር ልጨምር፤ ዘይት የሚገደለው በአጠባበሱ ነውና።

ሙቀቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይሁን፤ የዘይት ቴርሞሜትር ይግዙ። ከ160 በታች ሳምቡሳው ዘይት ይመጥጣል፤ ከ190 በላይ ዘይቱ በእጥፍ ፍጥነት ያረጃል፣ ላዩ እየጠቆረ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በአንድ ጊዜ የሚገባው ምግብ ከዘይቱ ክብደት ከስድስት አንድ አይብለጥ፤ 3 ኪሎ ዘይት ካለ ግማሽ ኪሎ። ብዙ ሲጨመር ሙቀቱ ይወድቃል፣ ሠራተኛው እሳቱን ይጨምራል፣ ምግቡ ሲወጣ ዘይቱ 200 ዘልሎ ያልፋል።

ውሃና ጨው ከመጥበሻው ይራቁ። ውሃ ትራይግሊሰራይዱን ቆርጦ ፋቲ አሲድ ይነጥላል፤ ድንች ታጥቦ በጨርቅ ሳይደርቅ ከገባ ይህ ይከፋል። ጨው ከተጠበሰ በኋላ ይነስነስ። የመዳብና የነሐስ ዕቃ፣ ወይም ዝገት ያለበት ብረት ድስት ለዘይት ጠላት ነው፤ የማይዝግ ብረት ይሁን። በየማታው ሲበርድ በጥሩ ጨርቅ ያጥሩት፤ ታች የቀረው የዱቄት ፍርፋሪ በማግስቱ ተቃጥሎ ያጠቁረዋል።

በተለይ ይህን ልብ በሉ፦ በአሮጌ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር አሮጌውን አያድነውም፤ በአሮጌው ውስጥ ያለው ፐርኦክሳይድ አዲሱን ያቀጣጥለዋል። ከስሩ የማይጠፋ ትንንሽ አረፋ ካወጣ፣ እንደ ሽሮፕ ከወፈረ፣ ከ180 በታች ከጨሰ ይደፋ። አውሮፓ ውስጥ ዘይት የሚጣለው ፖላር የሚባሉት የተበላሹ ውህዶች ከጠቅላላው 24 ወይም 25 በመቶ ሲደርሱ ነው፤ እዚያ የደረሰ ዘይት ብዙውን ጊዜ ከላይ የጠቀስኳቸውን ምልክቶች ያሳያል። ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ በርበሬ ያለበት ነገር የተጠበሰበት ገና በመጀመሪያው ቀን ይቀላል።

ጤና መምህር
ፋቲ አሲድ፣ በአንድ ነገር እንድንጠነቀቅ እፈልጋለሁ። «ኑግ ለሙቀት አይሆንም» ብለን ካቆምን ሰው ወጡንም በፓልም ይሠራል።

ፋቲ አሲድ
ልክ ነህ ወንድሜ፣ መለየት አለበት። ወጥ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ አዲስ አበባ ባላት ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ስለሆነ እንዲያውም ያንሳል። በዚህ ሙቀት ለአንድ ሰዓት የተንተከተከ ኑግ የሚበላሸው በጣም ጥቂት ነው። ጉዳቱ ያለው ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት ባዶ ዘይት ድስት ላይ ሲግልና ሲጨስ ነው። ሽንኩርቱን በራሱ ውሃ እያንቀሳቀሱ አብስሎ፣ ዘይቱን በኋላ፣ በርበሬውን ከጥቂት ውሃ ጋር ማስከተል ዘይቱንም በርበሬውንም ያድናል። ዘይቱም ይቀንሳል፤ ለአምስት ሰው ሽሮ 4 የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው፣ ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ አያስፈልግም።

ፈጽሞ ይጥፋ ማለትም አይገባም። የጎመንና የካሮት ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ አይመጠጥም፤ ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል።

ለተደጋጋሚ ጥልቅ ጥብስ ደግሞ ፓልም ኦሌይን ወይም ኦሌይኩ ከፍ እንዲል የተዳቀለ የፈረንጅ ሱፍ ይሻላል። የኋለኛው 80 በመቶ ያህሉ ኦሌይክ በመሆኑ ሙቀትም ይችላል፣ ልብም አያስከፍልም፤ ችግሩ ዋጋውና እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ሰሊጥም መካከለኛ ነው፦ ኦሌይክና ሊኖሌይኩ እኩል 40 በመቶ ያህል ሆኖ ሲሞቅ ከሰሳሞሊን የሚወጣው ሰሳሞል ኦክሲዴሽኑን ይገታል።

ቅባት ላብ
ስለ ንጥር ቅቤ እስካሁን ማንም አልመለሰም። ቅቤ 80 በመቶ ያህል ስብ ነው፤ ከስቡ ከግማሽ በላይ ሳቹሬትድ ነው። ከሌሎች የሚለየው ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ቢዩትሪክ አሲድ መያዙ ነው፤ አራት ካርቦን ብቻ ያለው፣ በቀላሉ የሚተን፣ በሳል ቅቤን በሳል የሚያሰኘውን ሽታ የሚሰጥ። የቅቤ ሁለት ዓይነት መበላሸት አለ። ለጋ ቅቤ ቆይቶ ሲጎመዝዝ ውሃና የባክቴሪያ ሊፔዝ ቢዩትሪክን እየነጠሉት ነው፤ ይህ በባህላችን እስከ አንድ ደረጃ የሚፈለግ ነው። የቀለም ወይም የሻማ ሽታ ሲመጣ ግን ኦክሲዴሽን ነው፤ ይህኛው በማንጠር አይጠፋም።

ማንጠር ማለት በዋናነት ውሃውን ማስወገድ ነው። ሙቀቱ ውሃው እስኪያልቅ ከ100 በታች ይቆማል፤ ፍልቅልቁ ሲረጋጋና ድምፁ ሲጠፋ ውሃው አልቋል፣ ከዚያ ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል። ከ110 እስከ 115 ዲግሪ ላይ ከእሳት ይውረድ። 120 ካለፈ አሬራው ታች ይጠቁራል፣ ምሬትም ይሰጣል። ትኩስ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የሚጨምር ሰው በመጀመሪያ ይጨምር፤ ውሃቸው አብሮ መትነን አለበት። ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ኮሰረትና በሶብላ በመጨረሻ፣ ደርቀው። የቅመሞቹ ፌኖል ኦክሲዴሽንን ስለሚያዘገይ ቅመም ያለው ንጥር ከባዶው የተሻለ ይቆያል። ከ1 ኪሎ ቅቤ ከ800 ግራም የበለጠ ንጥር ከወጣ ውሃው አልወጣም ወይም ሌላ ስብ ተቀላቅሎበታል።

ስለ ልብ ከሆነ፦ ማጣፈጫ እንጂ ማብሰያ አይሁን። ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል፤ 3 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ብቻ ነው፣ መዓዛውም ያኔ ነው የሚሰማው።

የጓዳ ጥያቄ
ቅባት ላብ፣ ስለ መቀላቀል ከጠቀስክ አይቀር ባዕድ ነገር የተጨመረበትን ቅቤ ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል?

ቅባት ላብ
የተጨመረው ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ዱቄት ወይም ድንች ከሆነ ጥቂት ቅቤ አቅልጦ ታች የቀረውን ዝቃጭ ላይ የቁስል አዮዲን ጠብ ማድረግ ነው፤ ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ ስታርች አለበት። የረጋ ፓልም ከሆነ ግን በዓይን፣ በጣት፣ በማቅለጥ አይለይም፤ «እጅ ላይ ቶሎ ከቀለጠ ንጹሕ ነው» የሚለው መለኪያ አያስተማምንም፤ የላም መኖ ሲቀየር የንጹሕ ቅቤ ልስላሴም ይቀየራልና። ላብራቶሪ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ራይሸርት ማይስል የሚባለው ቁጥር፤ ተኖ የሚወጣውን አሲድ ይለካል፣ ለቅቤ ከ26 በላይ፣ ለፓልም ከ1 በታች ነው። ሁለተኛው ስቴሮል ነው፦ ቅቤ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ነው፣ ቤታ ሲቶስቴሮል ከተገኘ የዕፅዋት ዘይት ገብቷል።

የመርካቶ ሚዛን
ጎመን ዘር ዘይትስ? በገጠር ለምግብም ይውላል። ዋጋውም ረከስ ይላል።

ፋቲ አሲድ
እዚህ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። የአገራችን ጎመን ዘር ዘይት 40 በመቶ አካባቢው ኢሩሲክ አሲድ ነው፤ 22 ካርቦን ያለው ረጅም ሰንሰለት። የልብ ጡንቻ ይህን ሰንሰለት ለማቃጠል ይቸገራል፤ አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ልባቸው ላይ ስብ ተከማችቷል። በሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያደርስ አልተረጋገጠም፤ ገደቦቹ የወጡት በጥንቃቄ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2016 ያስቀመጠው ገደብ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 7 ሚሊ ግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግማሽ ግራም ገደማ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የጎመን ዘር ዘይት 5 ግራም ተኩል ይይዛል፤ አሥር እጥፍ በላይ።

ምጣድ ለማሰስ የሚውለው ቁንጥር ዘር አያሳስብም። ዕለታዊ የወጥ ዘይት፣ በተለይ ለሕፃናት፣ መሆን ግን የለበትም። ካኖላ የሚባለው ከውጭ የሚመጣ ዘይት ከአንድ ወገን ቢሆንም ኢሩሲኩ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ስለተዳቀለ ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

ከሜሪላንድ
እኛ ጋር አሜሪካ «0 ግራም ትራንስ ፋት» የሚል ጽሑፍ በየዕቃው አለ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ደግሞ «ዘይት ሲደጋገም ትራንስ ይሆናል» ይላሉ። እውነት ነው?

ፋቲ አሲድ
ትራንስ ማለት ድርብ ቦንዱ ሳይጠፋ ቅርጹ ሲገለበጥ ነው። ኦሌይክ አሲድና ኤላይዲክ አሲድ አተማቸው እኩል ነው፤ የመጀመሪያው በ13፣ ትራንስ የሆነው ሁለተኛው በ45 ዲግሪ ይቀልጣል። ይህን ለማምጣት ዘይት ውስጥ በኒኬል አማካይነት ሃይድሮጅን መንፋት ያስፈልጋል፤ ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን ዘዴውን በ1902 ፓተንት አስደረገው። ሥራው በከፊል ሲቆም ትራንስ ይቀራል፤ እስከ መጨረሻ ከተሄደ ሁሉም ሳቹሬትድ ስለሚሆን ትራንስ የለም ማለት ይቻላል። በ180 ዲግሪ መጥበስ የሚያመጣው ትራንስ ጥቂት ነው። የተደጋገመ ዘይት የሚጎዳው ከላይ በተባሉት አልዲሃይዶችና ፖላር ውህዶች ነው።

ትራንስ ከሁሉም የከፋው ኤልዲኤልን ከፍ እያደረገ «ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤልን፣ ስለሚያወርድ ነው። ከቀኑ ጉልበት 2 በመቶ፣ ማለትም 4 ግራም ተኩል ያህል፣ ከትራንስ ሲመጣ የልብ ሕመም ከ20 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። ዴንማርክ በ2003 ከስቡ 2 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች፤ አሜሪካ በ2015 ወስና ከ2018 ጀምሮ በከፊል ሃይድሮጅን የተነፋበትን ዘይት ከምግብ አስወጣች። እናንተ ጋር ያለው ሕግ በአንድ ጊዜ ድርሻ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ 0 ብሎ መጻፍ ይፈቅዳል፤ በወተትና በሥጋ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ጥቂት ትራንስም አለ። አገር ቤት የሚታየው ማርጋሪንና ብስኩት ላይ ነው፦ «በከፊል ሃይድሮጅኔትድ» የሚል ካለ አይግዙ፤ «ሃይድሮጅኔትድ» ብቻ ብሎ መጠኑን ካልጻፈም መተው ይሻላል።

የጾም ማዕድ
በጾም ቀናት ዓሣ ለማይበላ ሰው ኦሜጋ 3 ከየት ይምጣ? ኑግ ይበቃል?

ጤና መምህር
አይበቃም፤ ኑግ ኦሜጋ 6 ነው እንጂ ኦሜጋ 3 የለውም ማለት ይቻላል። መልሱ ተልባ ነው። ከተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ አልፋ ሊኖሌኒክ የሚባለው ኦሜጋ 3 አሲድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 7 ግራም፣ 1 ነጥብ 6 ግራም ይሰጣል፤ ለአዋቂ ወንድ የቀን በቂ መጠን ተብሎ የተቀመጠው ይኸው ነው፣ ለሴት 1 ነጥብ 1።

ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ ሽፋኑ ሳይከፈት ስለሚወጣ አይጠቅምም። ለስለስ አድርጎ ማመስ ጥሩ ነው፦ መፍጨት ያቀላል፣ በጥሬው ውስጥ ያለውን ሳያናይድ አመንጪ ውህድም ይቀንሳል፤ ለዚህ ሲባል ጥሬ የተፈጨ ተልባ ለሕፃናት አይሰጥ። እስኪጠቁር መቁላት ግን ዘይቱን ያበላሻል። የተልባ ውሃ ሲሠራ ዝቃጩ ተጠልሎ ከተጣለ ከዘይቱ ብዙው አብሮ ይጣላል፤ ጭምር መጠጣት ወይም ፍትፍት ማድረግ ይሻላል። የተልባ ዘይት በምንም መልኩ እሳት አይንካው።

ሰውነት አልፋ ሊኖሌኒክን ለአንጎልና ለዓይን ወደሚያስፈልገው ኦሜጋ 3፣ ዲኤችኤ፣ የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ነው፤ በወንዶች ከ1 በመቶ በታች፣ በሴቶች ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ዓሣ የማትበላ ከሆነ ከባሕር አልጌ የሚወጣ ዲኤችኤ እንዳለ ሐኪሟን ትጠይቅ።

የጓዳ ጥያቄ
እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ኑግ ከመጭመቂያ ቤት 10 ሊትር ተገዝቶ ስንት ጊዜ ይቆያል? በምንስ ይቀመጥ?

መጭመቂያ ቤት
መጀመሪያ ይጠልል። ትኩስ የተጨመቀ ኑግ የዘር ፍርፋሪና ውሃ ይይዛል፤ ሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ሳይነቃነቅ ይቀመጥና ላይ ላዩ ብቻ ይቀዳ። ታች የቀረው ጭቃ መሰል ነገር ካልተለየ በሳምንታት ውስጥ ዘይቱን መራራ ያደርገዋል። ከዚያ 10 ሊትሩን በአንድ ጀሪካን አይተዉት፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ሲጎድልም በላዩ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ኦክስጅን ያለበት አየር ነው። አንድ አንድ ሊትር በሚይዙ ደረቅ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልተው ይክደኑ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከፈት።

ብርሃን ከሙቀት ያላነሰ ይጎዳል፤ ያልተጣራ ዘይት ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ብርሃን እየመጠጠ ኦክስጅኑን ያነቃዋል። በፋብሪካ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ዘይትም ቢሆን ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ቫይታሚኑን ያጣል፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ትተው ከጓዳ ያለውን ይጠይቁ። ቡናማ ጠርሙስ ከሌለ በጋዜጣ ይጠቅልሉት፣ ከምድጃ ያርቁት። በዚህ አያያዝ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፤ የተከፈተው ጠርሙስ ግን በሦስት ሳምንት ይለቅ። ሲገዙ ከዘይቱ ጥቂት መዳፍ ላይ አሽተው ያሽትቱት፦ የለውዝ ዓይነት ሽታ ደህና ነው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ዘሩ እርጥብ ሆኖ ተከማችቶ ነበር፣ አይግዙት።